«የ30 ደቂቃ በር» ማለት ምን ማለት ነው?

በመኖሪያ ሕንፃ የእሳት ደህንነት ግምገማ ላይ «ወደ ደረጃው የሚያስወጣው በር የ30 ደቂቃ ይሁን» ተብሎ ሲጻፍ፣ ብዙ ሰው ለማምለጥ ግማሽ ሰዓት ያለው ይመስለዋል። አይደለም። ቁጥሩ በመፈተሻ ምድጃ የተገኘ ውጤት ነው፦ በሩ ከነመቃኑ፣ ከነማጠፊያውና ከነቁልፉ ተገጥሞ እሳት ሳያሳልፍ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። ሳንቃው ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በላላ መቃን ላይ ከተሰቀለ ተራ በር ነው።

ገምጋሚው ክፍተቱን ይለካል። ከላይና ከጎን 3 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ የተቀበረውን፣ በሙቀት የሚያብጠውን ጥብጣብም ያያል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ጥብጣቡ የሚያብጠው ሲግል ነው፤ ጭሱ ግን ከግለቱ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ጭስ የሚያግድ ብሩሽ ወይም ጎማ አብሮ ያስፈልጋል። በቀለም የተለወሰ ብሩሽ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል።

ከዚያ በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጎ ይለቀዋል። በራሱ ተመልሶ የቁልፉ ምላስ ካልገባ፣ በሩ ግምገማውን ወደቀ። «ይከብዳል» ተብሎ ዶር ክሎዘሩ (በሩን በራሱ የሚመልሰው መሣሪያ) የተፈታበት፣ ወይም ድንጋይ የተደገፈበት በርማ መለካትም አያስፈልገውም።

ከመቃኑ በላይ የኢንተርኔት ገመድ ያለፈበት ቀዳዳ ክፍት ከሆነ ጭሱ በሩን አይጠብቅም፤ በላዩ ያልፋል። ተራ ፎም ስለሚቃጠል አይሆንም፤ ለእሳት የተፈተነ መድፈኛ ይገባዋል።