የውጭ ተማሪ ድሬ ሲገባ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የክርስቲያን ሚሲዮን ማሠልጠኛ ግቢ የውጭ ተማሪዎችን ከሚቀበሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። አየር ማረፊያ ሄደህ ስም የተጻፈበት ወረቀት ታነሣለህ፣ ሻንጣ ትጭናለህ፣ ቡና ይፈላል፣ በቃ። ጣጣው የሚመጣው ከቡናው በኋላ ነው። እኛ እንግዳ ማስተናገድ እናውቅበታለን፤ ለእንግዳ ማስረዳት ላይ ግን ሰነፎች ነን። «ቀስ ብሎ ይለምደዋል» እንላለን። አንዳንዱ ነገር ግን ቀስ ተብሎ አይለመድም፤ ሰው ይጣላበታል።

በግቢያችን፣ በአጥቢያዎችና በጎረቤት ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እዚህ ላንሣ።

«የውጭ ተማሪ ማለት ፈረንጅ ነው፤ ፈረንጅ ደግሞ ብር አለው»

ይሄ ድሮ ቀረ። ዛሬ ሚሲዮናውያን በብዛት ከሚልኩት አገሮች መካከል ደቡብ ኮሪያ፣ ብራዚልና ናይጄሪያ አሉ። ስለዚህ ከአውሮፕላኑ የሚወርደው ኬንያዊ ወይም የማዳጋስካር ልጅ ቢሆን አይግረማችሁ። የማዳጋስካሩ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ፈረንሳይኛ ይቀለው ይሆናል። ኬንያዊውን ደግሞ የባጃጅ ሾፌሩ በአማርኛ ያናግረዋል። ዝም ሲለው «ምን ይኮራል!» ብሎ ይቀየመዋል። ብሩም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ አገር ቤት ያለች ቤተ ክርስቲያን አዋጥታ የምትልከው ነው። ስለዚህ ከበሩ ሳይወጡ ሁለት ነገር ንገሯቸው፦ ከግቢው እስከ ከዚራ ሰፈር፣ ከከዚራ እስከ መጋላ ሰፈር የባጃጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ እና «ኮንትራት» ሲባል ሌላ ሒሳብ መሆኑን።

«አፍሪካዊ ስለሆነ ሙቀቱን ይችለዋል»

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። የናይሮቢ ልጅ የሚመቸው ሐረር ሲወጣ ነው፤ ድሬ ላይ ግን እንደማንኛውም ደገኛ ይወድቃል። እኛ ራሳችን ከምሳ በኋላ ሱቅ ዘግተን ጋደም እያልን፣ አዲስ መጤውን ከቀኑ 8 ሰዓት አዳራሽ ውስጥ አስቀምጠን ስለ ግቢው ደንብ ሁለት ሰዓት ማንበብ ምን ይሉታል? ጠዋት ይሁን። ወይም ነፋስ ሲነሣ፣ ወደ ማታ።

ከሙቀቱ በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ትንኙ ነው። ሁሉም «አጎበር ሰጥተናል» ብሎ ይገላገላል። አጎበሩ የሌሊቷን የወባ ትንኝ ይከላከላል። የደንጊና የቺኩንጉንያ ትንኝ ግን የምትነድፈው ቀን ነው፣ ተማሪው ክፍል ተቀምጦ ሲማር። ሁለቱም በሽታዎች ለድሬ አዲስ አይደሉም፤ ደንጊ በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 እ.ኤ.አ. በወረርሽኝ መልክ ተነሥተውባታል። ትንኟ የምትራባው ደግሞ ረግረግ ውስጥ ሳይሆን ውሃ ይጠፋል ብለን በሞላነው በርሜል ነው። በርሜሉን መክደን፣ በየሳምንቱ አራግፎ ማጠብ፤ ለእንግዳ ተማሪ ከአበባ ጉንጉን ይልቅ ይሄ ይሻለዋል። የቧንቧው ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚያስቀርም ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ውሃው ተመረዘ ብለው ይደነግጣሉ።

«ሰዓቱን ነግረነዋል»

ነግራችሁታል፣ በየትኛው አቆጣጠር? «ነገ 3 ሰዓት ትምህርት አለ» የተባለ ተማሪ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ብቅ ይላል፤ በእኛ 9 ሰዓት ላይ። የሌሊት በረራ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቲኬቱ ላይ አርብ 2 ሰዓት የሚለው ለእኛ ለአርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ግን «ሐሙስ ሌሊት» ነው የሚለው። አርብ ጠዋት ሊቀበል የሄደ ሰው የሚያገኘው ሻንጣው ላይ ተኝቶ ያደረ እንግዳ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጻፉ፤ ቀኑንም እንዲሁ። የታኅሣሥ 19ና የሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ በመኪና የሚመጣ ተማሪ ባትቀጥሩ ይሻላል፤ መንገዱም ሆቴሉም ይጨናነቃል።

«ክርስቲያን ነው፣ የቀረበለትን ይበላል»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ድሬ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። አንድ ተማሪ የልደት ቀኑን ሊያከብር ብሎ ሥጋ ገዛ። ደስ ብሎት ወደ ግቢው ማእድ ቤት ይዞ ገባ። ወጥ ሠሪዋ ፌስታሉን አየች። «ከየት ነው የገዛኸው?» አለችው። ነገራት። ሥጋ ቤቱ በሩ ላይ ጨረቃ የተሣለበት ነው። እጇን በነጠላዋ ጠራርጋ ወደ ኋላ አለች። «በኔ ድስት አይገባም፣ የኔ ልጅ።» ልጁ ሥጋው የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ያሸተዋል። መስቀልና ጨረቃው ምን እንደሚለይ ማንም አልነገረውም። በአገሩ ሥጋ ሥጋ ነው።

ይሄንን በመጀመሪያው ቀን መንገር ነው። እኛ አገር ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ ነው የሚበላው። ይህ ጠብ አይደለም፤ አብሮ የመኖር ደንብ ነው። ድሬና ሐረር ሠርግ ላይ ሁለት ድስት መጣዱ የተለመደ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። ተማሪው ሙስሊም ጎረቤት ጋ ሲጋበዝ ሻዩን፣ ተምሩን፣ ምስሩን ይበላል፤ ሥጋውን ቢተው ባለቤቶቹ ቀድመው ይገባቸዋል። ለግቢ ውስጥ ግብዣ ደግሞ የጾም ምግብ ሁሉንም ያስታርቃል። ጾሙንም ማስረዳት ያስፈልጋል፦ ረቡዕና አርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ አይጾሙም፤ ግን በሑዳዴ ጥብስ ፍለጋ ከአንዱ የክርስቲያን ምግብ ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ ለምን እንደማያገኙ ይወቁ። ኮሪያዊውን ከአሳማ ሥጋ ቶሎ ተስፋ አስቆርጡት።

«ብቻውን ከተተወ ይከፋዋል»

እኛ ይከፋናል። አሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ላይ የቆየ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው አልጋ ነው። «በሞቴ» የምትለዋን ለሁለተኛው ቀን አቆዩለት፤ ጉርሻዋንም።

«መንገድ ላይ ሊሰብኩ ነው የመጡት»

ይህ የጎረቤት ሥጋት ነው፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ10 ነዋሪ 7ቱ ገደማ ሙስሊም በሆነበት የድሬዳዋ አስተዳደር መጠየቁም አይገርምም። እውነታው፣ የተማሪዎቹ ቀን በክፍል፣ በንባብና በቋንቋ ያልፋል። የሃይማኖት ነጻነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የተረጋገጠ ነው፤ የተማሪው ቪዛ ግን የተሰጠው ለትምህርት ነው። እኔ የምመክረው፣ ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ኃላፊዎቹ ጎረቤቱን ዞረው ይጠይቁ፣ ቀበሌውም ይወቅ። ለዒድም ሄዶ «ዒድ ሙባረክ» ማለት አይክበደን።

ከተማሪዎቹም በኩል አንድ የተሳሳተ ሐሳብ አለ። ወንጌል ያልደረሰበት አገር የመጡ የሚመስላቸው አሉ። በአክሱም ክርስትና በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን እንደተሰበከ ንገሯቸው። ከዚያ ሐረር ውሰዷቸው። የካፑቺን ካቶሊክ ሚሲዮናውያን እዚያ ከ1881 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበሩ፤ ከመካከላቸው አባ እንድርያስ ዣሮሶ ልጅ ተፈሪን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሆኑትን አስተምረዋል። ጀጎልን በእግር ዞሮ የተመለሰ ተማሪ ከመናገር ይልቅ መጠየቅ ይጀምራል።

«ፓስፖርቱን ቢሮ እናስቀምጥለት፣ እንዳይጠፋበት»

አይሆንም። ፓስፖርቱ በባለቤቱ እጅ ይቆያል፤ ቢሮው ኮፒ ይይዛል። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚያልቅበትን ቀን የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ። ያ ሰው ደግሞ ፈቃዱ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ወደ እኛው ሲመልስ ይጠንቀቅ፦ ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት።