ሰንክ ኮስት ምንድን ነው? መጽሐፍ ጀምሮ ስለመተው

«መጽሐፉ ካልጣመህ ዝጋው። እስካሁን ያነበብከው ሰንክ ኮስት ነው፤ አትጨነቅ» የሚል ምክር ሰሞኑን በዝቷል። ተማሪዎቼም ተቀብለውት ይደግሙታል። ጅማ ውስጥ ኢኮኖሚክስ የማስተምር ሰው ነኝና ሐሳቡ እንዲህ ሲጣመም ዝም ማለት አልቻልኩም። መጽሐፍ ጀምሮ መተው ነውር ነው እያልኩ አይደለም። እኔም የማይረባኝን እተዋለሁ። ነገር ግን ሰንክ ኮስት «ተው» አይልም።

ሰንክ ኮስት ማለት ያለፈ፣ ምንም ብናደርግ የማይመለስ ወጪ ነው። መጽሐፉን የገዛንበት ብር አለ። ያነበብንበት ምሽት አለ። ብንጨርሰውም ብንተወውም ሁለቱም ሄደዋል። ስለዚህ አሁን ስንወስን ከሒሳቡ ይወጣሉ። ስህተቱ «ይህን ሁሉ ከፍዬማ እንዴት እተወዋለሁ!» ማለት ነው። ሰው ደግሞ በእርግጥ እንዲህ ያደርጋል። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት የዓመት የቴአትር ትኬት የገዙ ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ለአንዳንዶቹ በዕጣ ዋጋ ተቀነሰላቸው። ሙሉ ዋጋ የከፈሉት በቴአትሩ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ቅናሽ ካገኙት ይልቅ ብዙ ቴአትር ገብተው አዩ። ቴአትሩ ለሁሉም ያው ነበር።

እስከዚህ መካሪው ልክ ነው። የሚስተው ከዚህ በኋላ ነው። ያለፈው ወጪ ከሒሳብ ይወጣል ከተባለ ለመቀጠልም ለመተውም ምክንያት ሊሆን አይችልም። «ብዙ አንብበሃል፣ ስለዚህ ጨርስ» ስህተት ከሆነ፣ «ብዙ ጊዜ አባክነሃል፣ ስለዚህ ተው» ያው ስህተት ነው። ሁለቱም ወደኋላ እያዩ ነው የሚወስኑት።

ለጅማ ሰው ይህን በቡና ማስረዳት ይቀላል። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈጃል። አንድ የጎማ ወረዳ ገበሬ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ችግኝ ገዝቶ፣ አሳርሞ እስከ ዛሬ 60 ሺህ ብር አወጣ እንበል። ለቀማ ሲደርስ የቡና ዋጋ ወረደ። ለለቀማና ለማድረቅ ገና 20 ሺህ ያወጣል፤ ሲሸጠው 30 ሺህ ያገኛል። ጎረቤቱ «60 ሺህ አፍስሰህ 30 ሺህ ልትለቅም? ተወው ይርገፍ!» ይለዋል። ገበሬው ግን መልቀም አለበት። 60 ሺሁ ቡናው ቢለቀምም ቢረግፍም አይመለስም። ከፊቱ ያለው 20 አውጥቶ 30 ማግኘት ነው። በጠቅላላው ከስሯል፤ መልቀሙ ግን ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። «ባውቅ ኖሮ አልጀምረውም ነበር» የምንለውን መጽሐፍ መጨረስ አንዳንዴ ትክክል ነው። 40 ገጽ ቀርቶት ቋጠሮው ሊፈታ ከሆነ የሚቀረን ወጪ አንድ ምሽት ነው። የምናገኘው ደግሞ የመጽሐፉን ፍጻሜ ነው።

ሌላው የሚያናድደኝ «እስካሁን አልጣመኝም» የሚለው «ከእንግዲህም አይጥመኝም» ተብሎ መወሰዱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ውሰዱ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን። ታሪኩ የሚነሳው ከበዛብህ ወላጆች ነው። ሰብለ ወንጌል የምትመጣው ቆይታ ነው። የበዛብህ አባት ቦጋለ መብራቱ ቤት ላይ ሰልችቶት የዘጋው አንባቢ እሷን ሳያያት ቀረ። ቡናውን በሁለተኛ ዓመቱ ቅጠል ብቻ ነው ብሎ እንደነቀለ ገበሬ ነው።

በተቃራኒውም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብሩና ሰዓቱ ሄደዋል፤ በንባቡ ያወቅነው ግን አብሮን አለ። 150 ገጽ አንብበን ደራሲው ሰው መሳል እንደማይሆንለት ካየን፣ ይህ ስለቀሪው 300 ገጽ ማስረጃ ነው። እሱን ከሒሳቡ ማውጣት አይገባም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን ሲታይ ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ስንት ዓመት ቢደከምበትም ዋናው ጥያቄ ከእንግዲህ ምን ይሰጣል የሚለው ነው። እዚሁ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን እየመረጠ ያወጣውም ገበሬው የተሻለ ነገር እንዲተክል ነው። ያረጀ ቡና ደግሞ ሁልጊዜ አይነቀልም፤ ይጎነደላል። ምርቱ ለጊዜው ይቀራል፣ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። መጽሐፍንም ከመደርደሪያ ሳያወርዱ ለሌላ ዕድሜ ማቆየት ይቻላል። በሃያ ዓመት የከበደ መጽሐፍ በአርባ ዓመት ሊጥም ይችላል።

ከሙያዬ ጥቂት ነገር ልጨምር። የመጽሐፉ ዋጋ ሁሉ ሰንክ አይደለም። በ600 ብር የገዛችሁትን መጽሐፍ አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በ250 የሚወስድላችሁ ከሆነ፣ የማይመለሰው 350 ብቻ ነው። ለፈተና የሚነበብ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ መተው ራሱ ወጪ አለው፤ ወጪውም ከፊት ነው። «ሰንክ ኮስት» ብሎ የኮርስ መጽሐፉን የዘጋ ተማሪ ሒሳቡን ገልብጦታል።

መካሪው ሲጠብበት «ዕድሜ አጭር ነው፣ ጥሩ መጽሐፍ ሞልቷል» ይላል። ይህ ጥሩ መከራከሪያ ነው። ግን ሰንክ ኮስት አይደለም፤ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ነው። አንዱን ስንመርጥ የምናጣው የሌላው ጥቅም ማለት ነው። ገበሬው ቡናውን ከጫት ጋር ሲያነጻጽር የሚያሰላው እሱን ነው። ይህን ካነሳን በደንብ እናስላው። የተረፈው ሰዓት በእርግጥ ወደ ሌላ መጽሐፍ የሚሄድ ከሆነ ይቆጠራል። ወደ ስልክ የሚሄድ ከሆነ መጽሐፉን ከስልኩ ጋር አነጻጽሩ።

መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ተውሳችሁት ከሆነ ደግሞ ወጪው የእናንተ ብቻ አይደለም። ሳታነቡት ቤት ባቆያችሁት ቁጥር ሌላ አንባቢ ይጠብቃል። እሱን ነገ ሄዳችሁ መልሱት።