መስኮቱ ሲጠቁር ፎርማት አታስደርጉ

የሳይንስ ሶፍትዌር ጭናችሁ ስትከፍቱት መስኮቱ ከጠቆረ፣ ሥዕሉ ከተቆራረጠ ወይም ገና ሳይከፈት ከተዘጋ፣ በዙሪያችሁ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ምክር አለው፦ አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት፤ እምቢ ካለ ፎርማት ይደረግ። ሥራዬ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ኮምፒውተሮችን መጠገን ነውና ይህን ምክር ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። መካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሞክረውት ያልሠራላቸው መሆናቸው ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል።

«እንደገና መጫን ያስተካክለዋል» የሚለው እምነት መነሻው ሥዕሉን የሚስለው ፕሮግራሙ ራሱ ስለሚመስለን ነው። አይደለም። ለምሳሌ የሳይንስ መረጃን ወደ ሥዕል የሚለውጠው ፓራቪው ባለሦስት አቅጣጫ ምስል ሲያሳይ ትእዛዙን ኦፕንጂኤል በሚባለው ሥርዓት በኩል ያስተላልፋል፤ ያንን ተቀብሎ ሥዕሉን የሚያወጣውን ክፍል፣ ግራፊክስ ካርዱን፣ የሚያሠራው ድራይቨር የተባለው ሌላ ሶፍትዌር ነው። ትክክለኛው ድራይቨር ከሌለ ዊንዶውስ ስክሪኑ ባዶ እንዳይሆን «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የተባለውን መጠባበቂያ ያስገባል። በመጠባበቂያው ዎርድ ይከፈታል፣ ኢንተርኔትም ይታያል፤ ስለዚህ ሁሉም ኮምፒውተሩ ደኅና ነው ብሎ ጥፋቱን በሶፍትዌሩ ላይ ይጥላል። ይሁንና ድራይቨር ሳይኖር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኦፕንጂኤል 1.1 ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። የዛሬው ፓራቪው የሚጠይቀው ቢያንስ በ2009 የወጣውን 3.2 ነው። ፕሮግራሙን የፈለጋችሁትን ያህል ብትጭኑት በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ዓመት እንኳን አይቀንስም።

ድራይቨሩ ደኅና ሆኖ ጥፋቱ በቅንብር ውስጥ ሲሆንም እንደገና መጫን አይረዳም። የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂአይኤስ ቅንብሩን የሚያስቀምጠው ከፕሮግራሙ ጋር ሳይሆን በተጠቃሚው ማኅደር፣ «አፕዳታ» ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ስታጠፉት ያ ማኅደር አይነካም። ትናንት ከፕሮጀክተር ጋር ስትሠሩ ወደ ሁለተኛው ስክሪን የሄደ የፕሮግራሙ ሰሌዳ (ፓነል) ዛሬ ቢጠፋባችሁ፣ አዲስ የተጫነው ፕሮግራም የድሮውን ቅንብር አንብቦ እዚያው የማይታይ ቦታ ላይ ሊከፍተው ይችላል። በኪውጂአይኤስ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ በ«ዩዘር ፕሮፋይልስ» ሥር አዲስ ፕሮፋይል ፍጠሩ። በአዲሱ ከሠራ ጥፋተኛው የድሮው ቅንብር ነው ማለት ነው።

ፎርማት ግን ከመጫንም የባሰ ነው፤ ድራይቨር የነበረውን ኮምፒውተር ድራይቨር አልባ ሊያደርገው ይችላል። የከርሰ ምድር ውኃ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷን የምትሠራ ተማሪ ኮምፒውተሯን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ፤ አሁንስ ጭራሽ ባሰበት» አለችኝ። መጀመሪያ ላይ ድራይቨሩ ያረጀ ስለነበር ፓራቪው አንዳንዴ ይዘጋባት ነበር። የሱቁ ባለሙያ ፎርማት ሲያደርገው ዊንዶውሱን ከፍላሽ፣ ያለ ኢንተርኔት ጫነው፤ ያ ያረጀ ድራይቨር እንኳን አብሮ ጠፋ። የመስክ መረጃዋም ዴስክቶፕ ላይ ነበርና አልተረፈም። በሱቁ ግድግዳ ላይ የፎርማት ዋጋ ተለጥፏል፤ የምርመራ ዋጋ ግን የለም።

ስለዚህ ማንም ኮምፒውተራችሁን ከመንካቱ በፊት «ዲቫይስ ማኔጀር» ከፍታችሁ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ተመልከቱ። የማይክሮሶፍቱ መጠባበቂያ ስም ካለ ምርመራው አለቀ። የካርዱን ሞዴል አጣርታችሁ ድራይቨሩን ከሠሪው፣ ከኢንቴል፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ አውርዱ፤ ኢንተርኔት ከሌለ በሌላ ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡት። «ድራይቨር አዳሽ ነኝ» የሚሉ ፕሮግራሞችን አትጫኑ፤ እነሱን ማጽዳት ሌላ ሥራ ነው። ካርዱ አርጅቶ አዲስ ድራይቨር የማይወጣለት ከሆነ ሜሳ የተባለው ሶፍትዌር የካርዱን ሥራ በፕሮሰሰሩ ያሠራዋል። ይዘገያል፤ ግን ይታያል።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ «ውድ ካርድ ስለገዛን ችግር የለም» የሚል አለ። አንድ የትምህርት ክፍል ሻጩ አታሎናል ብሎ ደብዳቤ ሊጽፍ ሲሰናዳ ሄጄ የኮምፒውተሩን ጀርባ አየሁ። የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው በአዲሱ ካርድ ላይ ሳይሆን በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ነበር። አዲሱ ካርድ ከሥሩ ያለ ሥራ ተቀምጧል።

ሌሎች ሁልጊዜ የምሰማቸው ምክሮችም አሉ። «ሞኒተሩ ተበላሽቷል።» ስክሪን ሾት አንሥታችሁ ሥዕሉን በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት፤ ጉድለቱ እዚያም ከታየ ሞኒተሩ ንጹሕ ነው።

«ራም ይጨመርበት።» የራም እጥረት ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ያዘገያል እንጂ መስኮት አያጠቁርም።

«ጽሑፉ ስላነሰ ሬዞሉሽኑን ቀንሱት።» 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከዚያ በታች ሲሠራ ሁሉ ነገር ይደበዝዛል። መጨመር ያለበት «ስኬል» የሚለው ነው። ከዚያ በኋላ አንድ የቆየ ፕሮግራም ብቻ ከደበዘዘ፣ በምልክቱ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለው ሥር የሃይ ዲፒአይ ቅንብር አለ፤ «ሲስተም ኢንሃንስድ»ን ሞክሩ።

የመጨረሻው «ሶፍትዌሩ አማርኛ አይችልም» የሚለው ነው። በግራፍ ላይ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ስለታዩ ብቻ የወረዳ ስሞችን ሁሉ በላቲን የጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ስንት አይቻለሁ! የኢትዮጵያ ፊደል፣ ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መለኪያ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሳጥኑ የሚመጣው ፎንቱ ውስጥ ፊደሉ ስለሌለ ነው። በፓይተን ቋንቋ ግራፍ የሚሠራው ማትፕሎትሊብ ካልነገራችሁት በቀር የሚጠቀመው ደጃቩ ሳንስ የተባለውን ፎንት ነው፤ እሱ ደግሞ የእኛን ፊደል አልያዘም። ማስጠንቀቂያውም ግልጽ ነው፤ ቁጥር 4768 ጎደለ ካላችሁ የጎደለው «አ» ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጭናችሁ ስሙን በፎንት ቅንብሩ ውስጥ ጻፉ። ከማትፕሎትሊብ 3.6 እትም ጀምሮ ሁለት ፎንት በተርታ መስጠት ስለሚቻል ላቲኑም አማርኛውም በየፎንቱ ይወጣል። አዲሱን ፎንት አላገኘሁም ካለ፣ ማትፕሎትሊብ የፎንቶቹን ዝርዝር ቀድሞ መዝግቦ ስለሚይዝ ያንን የተቀመጠ ዝርዝር ሰርዛችሁ ፓይተኑን እንደገና አስነሡት።