የአባቶች ቀን የተወለደው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ቅዱሳን።

በጁን ሦስተኛ እሑድ አሜሪካ ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን የአባቶችን ቀን ያከብራሉ። አባቶች ይነሣሉ፣ ይጸለይላቸዋል፣ ኬክ ይቆረሳል። «የፈረንጅ በዓል እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ወገኖችም አሉ። የሱቆቹን ማስታወቂያ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። በዓሉን የወለደው ግን ሱቅ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1907 በዌስት ቨርጂኒያ፣ ሞኖንጋ በተባለ ቦታ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ ፈነዳ። በይፋ የተመዘገቡት ሟቾች ብቻ 362 ናቸው። ብዙዎቹ ለእንጀራ ብለው ከጣሊያንና ከሌሎች አገሮች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የስደተኛ አባት ነገር እኛም ቤት አለ። ግሬስ ጎልደን ክሌይተን የተባለች፣ እሷም አባቷን በሞት ያጣች አማኝ፣ ለእነዚያ አባቶች መታሰቢያ እንዲደረግ መጋቢዋን ጠየቀች። ጁላይ 5 ቀን 1908 በአቅራቢያው ባለችው በፌርሞንት ከተማ አምልኮው ተደረገ። በነጻነት በዓል ማግስት ስለዋለ ብዙም ወሬ ሳይሆን ቀረ።

በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በዋሽንግተን ግዛት ባለችው በስፖኬን ከተማ፣ ሶኖራ ስማርት ዶድ በ1909 የእናቶች ቀን ስብከት ስትሰማ አባቷን አሰበች። እናቷ በወሊድ ስለሞተች፣ የቀድሞው ወታደርና ገበሬ ዊልያም ስማርት እሷንና አምስት ወንድሞቿን ብቻውን አሳድጓል። ለከተማው መጋቢዎች ኅብረት አመለከተች። በአባቷ ልደት፣ ጁን 5 እንዲሆን ነበር ፍላጎቷ። መጋቢዎቹ ግን ስብከት ለማዘጋጀት ጊዜ አጠረን አሉ (መጋቢ ያው መጋቢ ነው!)። ስለዚህ ጁን 19 ቀን 1910 ተከበረ። አባቱ በሕይወት ያለ ቀይ ጽጌረዳ፣ የሞተበት ነጭ አደረገ። ሶኖራ ደግሞ በጋሪ እየዞረች ከቤት መውጣት ለማይችሉ አባቶች ስጦታ አደረሰች። በሕግ የጸደቀው ግን በ1972 ነው።

እኛስ እንዴት እናክብር? ማርቆስ 7ን አንብቡ። ጌታ ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ወላጅ ስለሰደቡ አይደለም። ለአባት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ብሎ መከልከልን ስለፈቀዱ ነው። አሥራቱን ሳያጓድል፣ በኳየር እየዘመረ፣ የአባቱን የመድኃኒት ወጪ ግን የሚረሳ ሰው ይህን ቃል ደጋግሞ ያንብብ። ማክበር ኪስ ይነካል።

አገር ቤት ስትደውሉም «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ብላችሁ አትዝጉ። የመጀመሪያ ደመወዙ ስንት እንደነበር ጠይቁት። አባቶቻችን ስለ ራሳቸው ማውራት አይወዱም፤ ስለ ድሮ ደመወዝ ከተነሣ ግን ማን ያስቆማቸዋል! ከዚያ «አባዬ፣ መርቀኝ» በሉና አሜን እያላችሁ ተቀበሉ።

አባቱ የበደለው ሰው «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለው ትእዛዝ ይከብደዋል። ማክበር በደልን መሸፈን አይደለምና ይህን ወንድም በግድ እያስቆማችሁ አታስመስክሩት። እኛ አባቶችም ኤፌሶን 6፥4ን አንዝለል፤ ስለ ልጆቻችን «አታስቆጡአቸው» የተባለው ለእኛ ነው።

የልጆች አገልጋዮች፣ አንድ አደራ አለኝ። «ለአባቴ» የሚል ካርድ ከማደላችሁ በፊት አባቱ የሞተበትን፣ አባቱ ቪዛ እየጠበቀ አገር ቤት የቀረበትን ልጅ ለይታችሁ እወቁ። ለአያቱ ወይም ለአጎቱ ይሥራ። ከሽማግሌዎች አንዱም በዚያ እሑድ ክፍሉ ገብቶ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ቀለሙን ያቀብለው።