ጀርባ ሲጣመም ለምን ወደ ቀኝ?

ብዙ ጊዜ ነገሩን ቀድማ የምታየው እናት ናት። አዲስ ቀሚስ ሲለካ ጠርዙ በአንድ በኩል ከፍ ይላል፤ ወይ አንዱ ትከሻ ከሌላው ይበልጣል። ከዚያ «ቦርሳ በአንድ ጎን አታንጠልጥይ አላልኩሽም?» የሚለው ቁጣ ይከተላል። ቦርሳው ግን ጥፋት የለበትም።

የጀርባ አጥንት ወደ ጎን ሲጣመም ስኮሊዮሲስ ይባላል። ስሙ የሚሰጠው በኤክስሬይ ተለክቶ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከ100 ታዳጊዎች 2 ወይም 3 ያህሉ ላይ ይታያል። አብዛኛው ቀላል ነው። የከፋው ሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። መነሻው ምን እንደሆነ ለአብዛኞቹ አይታወቅም።

አንድ ነገር ግን ያስገርማል። በጉርምስና ጊዜ ደረት አካባቢ የሚጣመም ጀርባ፣ ጉብታው በአብዛኛው በቀኝ በኩል ነው። እንዲያው የአጋጣሚ ቢሆን ግማሹ ወደ ግራ በሄደ ነበር።

የውስጥ አካላት ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ሰው ከውጭ ሲታይ ግራና ቀኙ እኩል ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ልብ ወደ ግራ ያዘነብላል። ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ በደረት ውስጥ ከአከርካሪው በስተግራ ይወርዳል። ጉበት በቀኝ፣ ጣፊያ በግራ ነው። በኔዘርላንድስ፣ ኡትሬክት ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን በሲቲ ስካን አዩ። ያልተጣመመ ጀርባ እንኳ ደረት አካባቢ በትንሹ ወደ ቀኝ ዞሮ ተገኘ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነው ብልሃቱ። ከ10,000 ሰው 1 ያህሉ ውስጡ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይወለዳል፤ ልቡ በቀኝ፣ ጉበቱ በግራ። ብዙዎቹ ሳያውቁት በሰላም ይኖራሉ። የእነዚህ ሰዎች አከርካሪ ሲታይ የዞረው ወደ ግራ ነበር። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጀርባቸው የተጣመመባቸው ላይም የጉብታው ጎን ከአካላቱ አቀማመጥ ጋር እንደሚሄድ በኋላ ታየ።

ታዲያ ልብ ነው ጀርባን የሚያጣምመው? አይደለም። ሁላችንም ማለት ይቻላል ልባችን በግራ ነው፤ ጀርባው የሚጣመመው ግን ጥቂቱ ነው። ደግሞ ሕፃናት ላይ ጥምመቱ በብዛት ወደ ግራ ነው፤ የሕፃን ልብ ግን ያው በግራ ነው። ስለዚህ የአካላቱ አቀማመጥ ወዴት እንደሚጣመም ቢጠቁም እንጂ ለምን እንደጀመረ አይነግረንም። ቀጥ ብሎ መቆምና የጉርምስና ፈጣን ዕድገትም በጉዳዩ ላይ እጃቸው ሳይኖርበት አይቀርም።

ይህ እውቀት ሐኪም ቤት ውስጥም ይጠቅማል። ታዳጊዋ ጎንበስ ስትል የጎድን አጥንቷ በቀኝ ከፍ ካለ የተለመደው ነው። ደረቷ አካባቢ ያለው ጉብታ በግራ ከሆነ ግን ሐኪሙ ቆም ይላል። ኅብለ ሰረሰሯ ላይ ችግር እንዳለ ለማየት ኤምአርአይ ሊያዝላት ይችላል።