የዕዳና የገቢ ምጣኔ ምንድን ነው? አሜሪካ ውስጥ ኬሚስትሪ ለሚማር ልጅ

በአሜሪካ የሚኖር ወላጅ፣ ልጁ «ኬሚስትሪ ልማር ነው» ሲለው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ደመወዙ ነው። ተገቢ ጥያቄ ቢሆንም ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «እዚያ ደመወዝ ላይ ለመድረስ ስንት እንበደራለን?» የሚለው ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር የሚያገናኘው ስሌት የዕዳና የገቢ ምጣኔ ይባላል። ተመራቂው በየዓመቱ የሚከፍለው የብድር ክፍያ ከዓመት ገቢው ስንት በመቶውን እንደሚወስድ ያሳያል።

በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ በራሱ ስም ከፌዴራል መንግሥት የሚበደረው ገንዘብ በሕግ የተወሰነ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እስከ 5,500፣ በሁለተኛው እስከ 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እስከ 7,500 ዶላር መበደር ይችላል። ሁሉንም ቢወስድ በአራት ዓመት 27,000 ዶላር ይሆናል። ትምህርት ላይ ሳለ የሚጠራቀመውን ወለድ እንተወውና፣ ይህ ብድር በ2025–26 የትምህርት ዘመን ወለድ (6.39 በመቶ) ተሰልቶ በ10 ዓመት ቢከፈል፣ በወር 305፣ በዓመት 3,660 ዶላር ገደማ ይመጣል። ተመራቂው በ50,000 ዶላር ሥራ ጀመረ እንበል፤ ምጣኔው ከ7 በመቶ ጥቂት ከፍ ይላል። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በ2023 ለሙያ ማሠልጠኛ ፕሮግራሞች ባወጣው ደንብ ከመለኪያዎቹ አንዱ ምጣኔው ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል ስለነበረ፣ ይህ ልጅ ቀና ብሎ መሄድ ይችላል። ያው ልጅ፣ በያው ደመወዝ፣ በያው ወለድ 80,000 ዶላር ተበድሮ ቢሆንስ? በወር 904 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ምጣኔውም ከ21 በመቶ ያልፋል። ትምህርቱ አንድ ዓይነት፣ ዲግሪው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ የቤት ኪራዩን የሚከፍልበት አቅም ግን ሌላ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ለማየት ጥሩው ቦታ መንግሥት የከፈተው «ኮሌጅ ስኮርካርድ» የተባለው ድረ ገጽ ነው። በየኮሌጁ ብቻ ሳይሆን በየትምህርት ዘርፉም የተመራቂዎችን ገቢና ዕዳ ያሳያል። የሚያሳየው አማካይ ሳይሆን ሚዲያን የሚባለውን ነው። ሰዎቹ በገቢያቸው ቅደም ተከተል ቢሰለፉ በትክክል መሃል ላይ የቆመው ሰው የሚያገኘውን ገንዘብ ማለት ነው።

ኬሚስትሪ ላይ ግን ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ ያሳስታል፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከኬሚስትሪ ተመራቂዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ ዲግሪ አይቆሙም። ወደ ሕክምና፣ ወደ ፋርማሲ ወይም ወደ ዶክትሬት ይቀጥላሉ። ገቢው በሚለካበት ጊዜ ገና ትምህርት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ከስሌቱ ይወጣል። ስለዚህ የሚታየው ገቢ በአብዛኛው በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ወደ ሥራ የገቡት ሰዎች ገቢ ነው። እነዚህም ብዙ ጊዜ በመድኃኒት፣ በምግብ ወይም በውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ ናሙና እየመረመሩ፣ ጥራት እየተቆጣጠሩ የሚጀምሩ ናቸው። የሥራ መደቡ ስምም ልዩነት ያመጣል። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የግንቦት 2023 አኃዝ የኬሚካል ቴክኒሻን ሚዲያን ደመወዝ 56,750፣ የኬሚስት 84,680፣ የኬሚካል መሐንዲስ 112,100 ዶላር ነበር። እነዚህ ቁጥሮች የሃያ ዓመት ልምድ ያላቸውንም ይጨምራሉ። አዲስ ተመራቂ 84 ሺህ ጠብቆ ቢበደር ራሱን ይጎዳል።

ዶክትሬቱን በተመለከተ ሊታወቅ የሚገባ መልካም ነገር አለ። በአሜሪካ የኬሚስትሪ ዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። እያስተማረ ወይም ምርምር እየሠራ የኑሮ ድጎማ ይከፈለዋል። የመጀመሪያ ዲግሪው የፌዴራል ብድርም እስኪጨርስ ይቆይለታል፤ መንግሥት ወለዱን በማይሸፍንለት ብድር ላይ ግን ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም። ሕክምና ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ሌላ ትልቅ ብድር ይጠብቃል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ምጣኔው ውስጥ የማይታየው ዕዳ ነው። «ፓረንት ፕላስ» የሚባለው ብድር በወላጅ ስም ይወሰዳል። በ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ ነበር፤ ገና ሲወሰድም ከ4 በመቶ በላይ ለአገልግሎት ይቆረጣል። ልጁ ከተመረቀ በኋላም ሕግ ዕዳውን የሚጠይቀው ወላጁን ነው። ስለዚህ በልጁ ዕዳ ላይ ብቻ የተሠራው ምጣኔ አምሮ ይታያል፤ ዕዳው ግን ታክሲ እየነዳ ወይም ሌሊት በነርሲንግ ቤት እየሠራ ያሳደገው አባት ወይም እናት ትከሻ ላይ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ «ልጄ ያለ ዕዳ ተመረቀ» ሲባል መጠየቅ ያለበት የማን ዕዳ እንደሆነ ነው። ከሐምሌ 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ወላጆች ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ በዚህ መንገድ እንዳይበደሩ ተወስኗል። 65,000 ዶላርም ጡረታ ለተቃረበ ሰው ቀላል ሸክም አይደለም። ከባንክ የሚወሰደው የግል ብድር ደግሞ ስኮርካርዱ ላይ አይገባም። ምጣኔውን ስታሰሉ ሦስቱንም ደምሩ።

ከሁለቱ ቁጥሮች፣ ከገቢና ከዕዳ፣ ቤተሰብ ይበልጥ የሚቆጣጠረው ዕዳውን ነው። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ኖቫ የሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአነስተኛ ክፍያ ጨርሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ያስችላሉ። ለኬሚስትሪ ተማሪ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ትምህርቶቹ እንደ ደረጃ ናቸው። ጄኔራል ኬሚስትሪ ሳያልቅ ኦርጋኒክ አይጀመርም። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተወሰደውን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከነላቦራቶሪው ዩኒቨርሲቲው ካልተቀበለ ልጁ አንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል፤ የተቆጠበውም ገንዘብ በዚያ ተጨማሪ ዓመት ያልቃል። ስለዚህ ልጁ ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚዛወርበትን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ጠይቆ፣ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚቀበል በጽሑፍ ይያዝ።