«መደርደሪያው» ምንድን ነው? ሞርሞኖች ያልተመለሰ ጥያቄ የሚያስቀምጡበት ቦታ

ሞርሞን ሆኖ ያደገ ሰው «መደርደሪያዬ ተሰበረ» ካላችሁ አናጢ አትጥሩለት። እምነቴን ተውኩ፣ ወይም ልተወው አንድ ሐሙስ ቀርቶኛል ማለቱ ነው። «እሱን ነገር መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ» ካለ ደግሞ ገና አለ። እሁድ እሁድ ይሄዳል፣ አሥራት ይከፍላል፣ ልጆቹን ያስተምራል። አንድ፣ ሁለት፣ ምናልባትም ሰባት የማይዋጡለት ነገሮች ግን አሉ።

መደርደሪያው እንግዲህ ይሄ ነው። መልስ ያላገኛችሁለትን ጥያቄ ሳትጥሉትም ሳትፈቱትም ለጊዜው የምታሳርፉበት የሐሳብ ቦታ። ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው «በይደር» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። መዝገቡ አልተዘጋም፣ ቀጠሮ ተሰጠው። እዚህ ግን ዳኛውም ባለጉዳዩም ያው አንድ ሰው ነው። ቀጠሮውን ሃያ ዓመት ቢያራዝመው ማንም አይጠይቀውም። ከ«ሆድ ይፍጀው» ጋር ደግሞ አታምታቱት። ሆድ የፈጀው ነገር ተደብቋል። መደርደሪያ ላይ ያለውን ባለቤቱ በገባ በወጣ ቁጥር ያየዋል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። የቤተክርስቲያኗ ሙሉ ስም የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ነው። ከ2018 ወዲህ መሪዎቿ «ሞርሞን አትበሉን» ብለዋል። እኔ የምጠቀምበት አንባቢ ቶሎ የሚያውቀው በዚህ ስለሆነ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በራችሁ ላይ አግኝታችኋቸው ይሆናል። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም መለያ፣ ሁለት ሁለት ሆነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የመደርደሪያው ምሳሌ ሲነሳ ስማቸው የሚጠራው ካሚላ ኪምባል ናቸው። ባለቤታቸው ስፔንሰር ኪምባል ከ1973 እስከ 1985 የቤተክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ሞርሞኖች ፕሬዚዳንታቸውን ነቢይ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ምሳሌውን ያመጡት ተጠራጥረው የወጡ ሰው ሳይሆኑ የነቢይ ሚስት ናቸው። ጠያቂ ሴት ነበሩ። ያልገባቸው ነገር ሲገጥማቸው መደርደሪያ ላይ እንደሚያኖሩት፣ ቆይተው ሲመለሱበት አንዳንዱ ችግር መሆኑ ቀርቶ እንደሚያገኙት ተናግረዋል።

ጥያቄው ለምን በታሪክ ላይ በዛ? ምክንያቱም የሞርሞን ትምህርት የተሰቀለው ታሪክ ላይ ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል የገበሬ ልጅ በ1820 ኒው ዮርክ ውስጥ ፓልማይራ አቅራቢያ ጫካ ገብቶ ጸለየ፣ አምላክ ተገለጠለት። ከዚያ መልአክ መጣ፣ የወርቅ ሰሌዳዎች ያሉበትን አሳየው። ከሰሌዳዎቹ የተተረጎመው መጽሐፈ ሞርሞን በ1830 ታተመ። ቤተክርስቲያኗም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ተመሠረተች። ይህ ሁሉ የሆነው ጋዜጣ፣ ፍርድ ቤትና ፖስታ ባለበት አገር ነው። ንግሥተ ሳባ ኢየሩሳሌም ስትሄድ ስንቅ የሸጠላት ነጋዴ ደረሰኝ አልተወልንም። የጆሴፍ ስሚዝ ጎረቤቶች ግን ማስታወሻ ይጽፉ ነበር።

ራሱ ስሚዝም ጽፏል። የመጀመሪያውን ራእይ በ1832 ሲተርክና በ1838 ሲተርክ ታሪኩ አንድ አይደለም። በኋለኛው ሁለት አካላት ተገልጠዋል፣ አብና ወልድ። በቀደመው በግልጽ የተጠቀሰው «ጌታ» ብቻ ነው። ለአንዱ አማኝ ይሄ ምንም አይደለም፤ ሰው አንድን ነገር ሁለቴ ሲያወራ መቼ አንድ ዓይነት ያወራል? ለሌላው የመጀመሪያው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ወጣ።

ቀጥሎ ድንጋዩ አለ። ለብዙ አሥርተ ዓመታት በቤተክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ስሚዝ የወርቅ ሰሌዳዎቹ ላይ አጎንብሶ ሲተረጉም ይታይ ነበር። አብረውት የተቀመጡት ሰዎች፣ ሚስቱን ኤማን ጨምሮ፣ የተናገሩት ሌላ ነው። ባርኔጣ ውስጥ ድንጋይ ያስገባል፣ ብርሃን እንዳይገባ ፊቱን ባርኔጣው ውስጥ ይደፋል፣ የሚታየውን ቃል በቃል ያስጽፋል። ብዙ ምእመናን ይህን ሲሰሙ «የጠላት ወሬ ነው» እያሉ ተከራክረዋል። በነሐሴ 2015 ቤተክርስቲያኗ ራሷ የድንጋዩን ፎቶ በቀለም አሳተመች። ዕንቁላል የሚያክል፣ ቡናማ፣ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ብዙዎቹን ያስቆጣቸው ድንጋዩ አልነበረም። «እኔ ስከራከር እናንተ ካዝና ውስጥ ይዛችሁት ነበር?» የሚለው ነው።

ከሁሉም ከባዱ ዕቃ ግን ለእኔ ፓፒረሱ ነው። በ1835 ማይክል ቻንድለር የሚባል ሰው የጥንት ግብፅ የደረቀ አስከሬን (ሙሚ) እያዞረ በገንዘብ የሚያሳይ ነጋዴ ሆኖ ኦሃዮ ውስጥ ከርትላንድ ደረሰ። ስሚዝና ጓደኞቹ አራት አስከሬኖችና ጥቅልል ጽሑፎች በ2,400 ዶላር ገዙት። ስሚዝ ከጽሑፎቹ አንዱ የአባታችን የአብርሃም ነው አለ። ትርጉሙ በ1842 ታተመ። ዛሬም «የታላቅ ዋጋ ዕንቁ» በተባለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ። ፓፒረሱ በ1871ዱ የቺካጎ ቃጠሎ የጠፋ መሰለ። በ1967 ግን ቁርጥራጮቹ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ተገኝተው ለቤተክርስቲያኗ ተመለሱ። ያን ጊዜ የግብፅን ጽሑፍ የሚያነቡ ሊቃውንት ነበሩ። አነበቡት። ከአብርሃም መጽሐፍ ጋር የሚያያዘው ክፍል ሆር ለሚባል ካህን የተዘጋጀ የቀብር ጽሑፍ ነው፣ ከአብርሃም ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የተጻፈ። ቤተክርስቲያኗም በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ በቁርጥራጮቹ ላይ ያለው ከትርጉሙ ጋር እንደማይገጥም ተቀብላለች። አብርሃም የነበረው በጠፋው ክፍል ላይ ይሆናል፣ ወይም ፓፒረሱ ለራእዩ መነሻ ብቻ ሆኖ ይሆናል ትላለች።

ያ ጽሑፍ ብቻውን አልመጣም። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ቤተክርስቲያኗ በአስቸጋሪዎቹ ርእሶች ላይ ተከታታይ ማብራሪያ በድረ ገጿ አወጣች። አንዱ ስሚዝ ብዙ ሚስቶች እንደነበሩት፣ ቁጥራቸው ከ30 እስከ 40 እንደሚገመት፣ ከእነርሱም አንዷ 15 ዓመት ልትሞላ ወራት የቀሯት ልጅ እንደነበረች ይናገራል። ምእመናኑ ስለ ከአንድ በላይ ማግባት ያውቁ ነበር፣ ግን ከስሚዝ በኋላ የመራው የብሪገም ያንግ የዩታ ዘመን ነገር አድርገው ነበር የሚያስቡት። በዚያው 2013 ጥቅምት ዲተር ኡክዶርፍ የተባሉት መሪ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ «እምነታችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ጥርጣሬያችሁን ተጠራጠሩ» አሉ። ይህች አባባል ከዚያ ወዲህ አፍ ላይ ቀረች። በዚያው ንግግር መሪዎች የተሳሳቱበት ጊዜ እንደነበረም አምነዋል። ይሄኛው ብዙም አይጠቀስም፣ ለእኔ ግን የበለጠው እሱ ነበር።

አሁን ከመደርደሪያው በእርግጥ የወረደ ዕቃ ላሳያችሁ። እኛንም ይነካል። ከ1852 እስከ 1978 የአፍሪካ ዘር ያለው ጥቁር ወንድ በዚህች ቤተክርስቲያን ክህነት አይሰጠውም ነበር። ክህነት እነርሱ ዘንድ እንደኛ ቄስ የመሆን ነገር አይደለም፤ ወንዱ ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቀበለው ነው። ጥቁር ወንድም ሴትም ቤተ መቅደስ ገብቶ ጋብቻውን ማስፈጸም አይችልም ነበር። ለምን ሲባል የቃየን እርግማን፣ የካም እርግማን ይባል ነበር። በስሚዝ ዘመን ግን ኤላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሏል። ይህን የሚያውቁ አማኞች ነገሩን መደርደሪያ ላይ አድርገው ዓመታት ጠበቁ። በሰኔ 1978 ክልከላው ተነሣ። ያነሱት ፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምባል ናቸው፣ የካሚላ ባል። መደርደሪያው እዚያው ቤት ውስጥ ሠራ ማለት ነው። በጥር 1985፣ በእኛ የ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ምእመናን አንድ እሁድ ጾመው የምግቡን ዋጋ ሰጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ ብዙው ለኢትዮጵያ ሆነ። ከሰባት ዓመት በፊት ያ የተራበ ሰው አባል ልሁን ቢል፣ ገብቶ ጀርባ መቀመጫ ላይ ይቀር ነበር።

በ2013 የወጣው ማብራሪያ የእርግማኑን ትምህርት ቤተክርስቲያኗ እንደማትቀበለው ይናገራል። መልካም። ግን የ126 ዓመቱን ክልከላ ያመጣው ምን ነበር፣ ስህተት ወይስ ትእዛዝ? እሱ ብዙ ሰው ቤት አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው።

እኔ ምሳሌው ላይ ያለኝ ጥርጣሬም ከዚህ ይጀምራል። ደንብ የነበረ ነገር ይለወጣል፣ ስለዚህ ጊዜ ይፈታዋል። ፓፒረሱ ግን ከ1967 ወዲህ ጊዜ በሄደ ቁጥር ከበደ እንጂ አልቀለለም። ያለፈ ታሪክን ደንብ አውጥተው አያሻሽሉትም።

ታዲያ ለምን አያወርዱትም? «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት አስቡት። ብብት ሥር ያለው ብዙ ነው። በቤተ መቅደስ ለዘላለም የታሰረ ጋብቻ አለ። ቤተ መቅደስ ለመግባት ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ለማግኘት «ኤጲስ ቆጶስ» ፊት ቀርቦ ስለ እምነት መጠየቅ አለ። እሱም እንደኛ ጳጳስ እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ የሌለው፣ በሥራ ቀን ጥርስ ሐኪም ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የሆነ የሰፈር ሰው ነው። «አላምንም» ያለ አባት ልጁ ቤተ መቅደስ ውስጥ ስታገባ ውጭ ይጠብቃል። ይህን እያሰበ ዝም ያለን ሰው ፈሪ ማለት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁንና ታሪኩን አውቀው ከቆዩት ውስጥ ስማቸው የሚነሳው መደርደሪያቸው የጠነከረው አይደሉም። ዕቃውን አውርደው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩት ናቸው። ዋኒታ ብሩክስ ለዚህ ይጠቀሳሉ። ኔቫዳ ውስጥ ወጣት አስተማሪ ሳሉ ኔፊ ጆንሰን የሚባሉ ሽማግሌ ዓይናቸው ያየውን ሳይሞቱ እንዲጽፉላቸው ይፈልጉ ነበር። አስተማሪዋ ሌላ ጊዜ ይደርሳል ብለው አቆዩት። በ1919 ሲደርሱ ሽማግሌው ሊሞቱ እያጣጣሩ ነበር። የሚሉት «ደም! ደም!» ብቻ ሆነ። ያዩት የ1857ቱን የማውንቴን ሜዶውስ ጭፍጨፋ ነው። ደቡብ ዩታ ላይ የሞርሞን ሚሊሻ ወደ ካሊፎርኒያ የሚጓዙ 120 ያህል ሰዎች የገደለበት ነው።

ዋኒታ ያን ታሪክ ለዓመታት ቆፈሩት። ልጆች ያሳድጉ ነበር፣ የሰፈር ሰው ይመጣ ነበር። የልብስ መተኮሻውን ጽሕፈት መሣሪያው አጠገብ ያቆማሉ። በር ሲንኳኳ መሣሪያውን በልብስ ሸፍነው ካውያ ያነሳሉ። መጽሐፉ በ1950 ወጣ። ፊት የነሷቸው ነበሩ። እሳቸው ግን በ1989 እስኪሞቱ የቤተክርስቲያኗ አባል ሆነው ቆዩ።

በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ሞርሞኖች ይጾማሉ፣ የፈለገ ምእመን ተነሥቶ ይመሰክራል። የተለመደው ቃል «ቤተክርስቲያኗ እውነተኛ መሆኗን አውቃለሁ» ነው። ሕፃናትም ወላጅ ጆሯቸው ውስጥ እያንሾካሾከ ይሉታል። ዕቃውን ከመደርደሪያው አውርዶም በቤተክርስቲያኗ የቆየ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህች ቃል ላይ ይታወቃል። «አምናለሁ» ይላል። «ተስፋ አደርጋለሁ» ይላል። ጎረቤቱ ልዩነቱን ይሰማል፣ አንዳንዴም ከምሳ በኋላ ቀስ ብሎ ይደውልለታል፣ የራሱን ሊነግረው።

አውርዶ መቆየት የማይቻልበትም ጊዜ አለ። በመስከረም 1993 ስድስት ጸሐፊዎችና ምሁራን ቅጣት ደረሰባቸው፤ አምስቱ ከአባልነት ተወገዙ። ከተወገዙት አንዷ ላቪና ፊልዲንግ አንደርሰን መሪዎች ምሁራንን እንዴት እንደያዙ በዝርዝር የጻፉ ሴት ነበሩ። ከተወገዙ በኋላ በሚቀጥሉት እሁዶችም ወደዚያው አጥቢያቸው ሄዱ። የተወገዘ ሰው ኅብስትና ውሃ አይቀበልም፣ ተነሥቶም አይመሰክርም። ትሪው ሲዞር ይቀበሉና ሳይነኩ ለአጠገባቸው ያሳልፉታል። በ2019 እንደገና ልጠመቅ ብለው አመለከቱ፣ ተከለከሉ። በ2023 ሞቱ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትሪውን አሳለፉ።